የተነሣው ሥዕልና የቀረው ሰው

በአንዲት ከተማ የተነሣ ፊልም ለዚያችው ከተማ ሰዎች በታየ ጊዜ፥ ከፊልሙ ይልቅ ተመልካቾቹን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል። ከሌላ አገር የመጣው እንግዳ ዓይኑን የሚጥለው በዋናዎቹ ተዋንያን ላይ ነው፤ ማን ማንን እንደ ወደደ፥ ማንስ ማንን እንደ ከዳ ለማወቅ ይጓጓል። የከተማው ተወላጅ ግን ከተዋንያኑ ትከሻ በላይ አሻግሮ ይመለከታል። «ያ የእነ እገሌ ሱቅ አይደለምን? ያ ዛፍ ዛሬም አለን? በሩ ላይ ቆማ የምትታየው ሴት ማን ናት?» እያለ ይጠይቃል። ተዋናዩ በፒያሳ አንድ ጥግ ታጥፎ ወዲያው ቦሌ ላይ ብቅ ቢል እንግዳው ምንም አይመስለውም፤ ተወላጁ ግን ይስቃል። ለእንግዳው ከተማይቱ ከታሪኩ በስተኋላ የተዘረጋች ጌጥ ናት፤ ለተወላጁ ግን መኖሪያው ናት።

ይህ ነገር የቅዳሜ ማታ ጨዋታ ይምሰል እንጂ በውስጡ ከባድ ጥያቄ አለበት። በአንድ ቦታ ፊልም ወይም የቴሌቪዥን ሥዕል በተነሣ ቁጥር ሁለት ትዝታዎች ይወለዳሉ። አንደኛው በፊልሙ ላይ ታትሞ በዓለም የሚዞረው ነው። ሁለተኛው በቦታው በነበረው ሰው ልብ ውስጥ የሚቀረው ነው። ፊተኛው በብዙ ቅጂ ተባዝቶ፥ ያነሡት ሰዎች ካለፉ በኋላ እንኳ ይኖራል፤ ኋለኛው ከባለቤቱ ጋር ያረጃል፥ ካልተነገረም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። እንግዲህ ስለዚያች ከተማ እውነቱን እንወቅ ብንል የትኛውን እንመን? ከዚህም ይልቅ የሚከብደው፥ በቦታው የነበረው ሰው ስለ ተነሣው ሥዕል አንዳች ግዴታ አለበትን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንን ነው።

ከቅርባችን እንጀምር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት 60 ዓመታት አዲስ አበባ በዜናም፥ በድራማም፥ በፊልምም ብዙ ጊዜ ተነሥታለች። በተለይም በ1990ዎቹ ዓመታት በቪዲዮ የሚሠሩት የአማርኛ ፊልሞች ከበዙ በኋላ፥ የከተማይቱ ጎዳናዎች፥ ቡና ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች የፊልም ቦታ ሆነዋል። እነዚህን ፊልሞች የሠሩት ሰዎች የፍቅርን ወይም የበቀልን ታሪክ ለመንገር እንጂ የከተማይቱን መዝገብ ለመጻፍ አላሰቡም ነበር። ይሁን እንጂ ሳያስቡት መዝገብ ጽፈዋል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ብዙዎቹ ፈርሰው ቦታው መልኩን ለውጧል፤ በከተማይቱ የልማት ሥራ ምክንያት ሌሎችም ሠፈሮች እንዲሁ ተለውጠዋል። ዛሬ ከእነዚያ መንደሮች የተነሣ አንድ ቁራጭ ፊልም ቢገኝ፥ የተዋናዩ ንግግር ሳይሆን ከበስተኋላው ያለው የቆርቆሮ አጥር ውድ ዕቃ ሆኖ ይታያል።

ዳሩ ግን አንድ ነገር እናስተውል። ፊልም መልክን ይይዛል እንጂ ስምን አይዝም። አጥሩን ያሳየናል፤ አጥሩ የማን እንደ ነበረ ግን አይነግረንም። በሩን ያሳየናል፤ በዚያ በር ስንት ሙሽራ እንደ ወጣ፥ ስንት አስከሬን እንደ ተሸኘ፥ እድሩ የት ይሰበሰብ እንደ ነበረ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው እዚያ ይኖር የነበረው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ነዋሪው አጠገቡ ቆሞ ካልተረጐመው በቀር ሥዕሉ ብዙ ቢያሳይም እንደ ዲዳ ነው።

ነዋሪው ጭራሽ ባልተጠየቀ ጊዜ ምን እንደሚሆን ለመረዳት ወደ ሞሮኮ እንሻገር። «ካዛብላንካ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. ወጣ። በዚያ ፊልም ምክንያት የካዛብላንካ ከተማ ስም የሞሮኮን ካርታ አይተው በማያውቁ ሰዎች አፍ ሳይቀር ገባ። ነገር ግን ፊልሙ የተነሣው በካዛብላንካ አልነበረም፤ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮና በአካባቢው ነበር። በዚያው ጊዜ እውነተኛይቱ ካዛብላንካ የራሷ ታላቅ ታሪክ ነበራት፤ በኅዳር 1942 የአሜሪካ ወታደሮች በባሕር ዳርቻዋ ወርደው ነበር፥ በጥር 1943 ደግሞ ሩዝቬልትና ቸርችል በዚያ ተገናኝተው ስለ ጦርነቱ መክረዋል። ሆኖም ዓለም የያዘው ትዝታ የስቱዲዮውን እንጂ የከተማይቱን አይደለም። ከ60 ዓመታት በኋላ፥ በ2004፥ አንዲት የቀድሞ የአሜሪካ ዲፕሎማት በፊልሙ ውስጥ የታየውን ቡና ቤት የሚመስል ምግብ ቤት በካዛብላንካ ከፈተች። እንግዶች እየመጡ በዚያ ይቀመጣሉ፤ በከተማይቱ ከቶ ያልተደረገውንም ነገር በከተማይቱ ውስጥ ሆነው ያስታውሳሉ።

ይህን ሰው ሁሉ የሚወደው ነገር ስለ ሆነ በክፉ አናነሣውም። ለከተማይቱም ገቢ አምጥቷል። ነገር ግን አባቶቻችን «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ብለዋል። ፊልም ከባለቤቱ በላይ ዐዋቂ ሆኖ የተቀመጠባት ከተማ፥ ስለ ራሷ ልትናገር በፈለገች ጊዜ አስቀድሞ የሌላውን ታሪክ ማስተባበል ግድ ይሆንባታል። ይህም በራስ ቤት እንግዳ እንደ መሆን ነው።

ታዲያ ነዋሪው ራሱ የፊልሙ ባለቤት ቢሆን ነገሩ ሁሉ ይቃናልን? ለዚህ መልሱን ከዚያው ከሰሜን አፍሪካ፥ ከአልጄሪያ እናገኛለን። ጣሊያናዊው ጂሎ ፖንቴኮርቮ «የአልጀርስ ውጊያ» የተባለውን ፊልም በአልጀርስ ከተማ፥ ካስባ በተባለው አሮጌ ሠፈር አንሥቶ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1966 አወጣ፤ በዚያው ዓመትም በቬኒስ የመጀመሪያውን ሽልማት አገኘ። አልጄሪያ ነጻነቷን ካገኘች ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ነበር። በፊልሙ ውስጥ ከሚታዩት ሰዎች ብዙዎቹ የባለሙያ ተዋንያን ሳይሆኑ የከተማይቱ ነዋሪዎች ነበሩ። በ1957 በካስባ ውስጥ ተዋጊዎቹን ይመራ የነበረው ሳዲ ያሴፍ ከፊልሙ አሠሪዎች አንዱ ሆነ፤ ራሱን የሚመስለውንም ሰው ሆኖ ተጫወተ። ፊልሙ የዜና ፊልም እስኪመስል ድረስ እውነተኛ መልክ ቢኖረውም፥ ከዜና ፊልም የተወሰደ አንድ ቁራጭ እንኳ የለበትም። በሰኔ 1965 ቡመዲየን ቤን ቤላን ከሥልጣን ባወረደ ጊዜ፥ ወደ ከተማይቱ የገቡትን ታንኮች አንዳንድ ነዋሪዎች ለፊልሙ የመጡ መስሏቸው እንደ ነበረ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ይህ ወግ ያስቃል፤ ዳሩ ግን ከሣቁ በኋላ ያሳስባል። ሰው የራሱን መከራ ደግሞ በተጫወተው ጊዜ፥ የደረሰበትና የተጫወተው በልቡ ውስጥ ሊቀላቀሉበት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የተወለደው ትውልድ ደግሞ ውጊያውን የሚያውቀው በአብዛኛው በፊልሙ በኩል ነው፤ ስለ 1957 ሲጠየቅ በዓይነ ልቡናው የሚመጣለት በ1965 የተነሣው ሥዕል ነው። ደግሞም የታሪኩ ተካፋይ የነበረው ሰው ታሪኩን ራሱ ባሠራ ጊዜ ለራሱ ወገን ማድላቱ የማይቀር ነው። ስለዚህ በቦታው መኖር ብቻውን የእውነት ዋስትና አይሆንም። ነዋሪም ራሱን ያታልላል፤ የራሱን ጀግንነት አግንኖ የጎረቤቱን ያሳንሳል። ፊልሙም ቢሆን ከነዋሪው እጅ ወጥቶ ሄዷል፤ በ2003 በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር ስለ ኢራቅ ጦርነት እንዲመከርበት ለሹማምንት ታይቷል። የካስባ ሰዎች ለነጻነታቸው መታሰቢያ ብለው የቆሙለት ሥዕል፥ ሌላው የራሱን ወረራ የሚያጠናበት ትምህርት ሆነ።

እስካሁን የተናገርነው ለፊልም ተብሎ ስለ ተቀነባበረ ነገር ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ሰዎቹ ሳይጫወቱ፥ በችግራቸው ሰዓት እንዳሉ የተነሡበት ሥዕል ነው። ይህንንም ለማየት ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልገንም።

በባህላችን ገመና የሚባል ነገር አለ። የሰውን ገመና መሸፈን ጨዋነት ነው፤ መግለጥ ነውር ነው። ጎረቤት ጦሙን ያደረ እንደ ሆነ በጓሮ በኩል እንጀራ ይላክለታል እንጂ በአደባባይ አይነገርበትም። በዚህ አንጻር ሲታይ የተራበን ሰው ፊት ለዓለም የሚያሳይ ካሜራ ገመና ገላጭ ነው። በሌላ ወገን ግን እነዚሁ አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ሁለቱም ምክሮች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ ቀን፥ በአንድ ቦታ በተገናኙ ጊዜ አንደኛውን መምረጥ ግድ ይሆናል።

በወሎ የሆነው ይህ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው የረሃቡን ሁኔታ በፎቶግራፍ አንሥተው በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳይተዋል። እንግዲህ የአገሩ ሰው አስቀድሞ አይቷል፥ ተናግሯልም። ነገር ግን ድምፁ ሩቅ አልደረሰም። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ግን ዓለም ሰማ፥ ርዳታም መጣ። የአገርን ስም እንጠብቃለን ተብሎ የተሸፈነው ነገር፥ ሽፋኑ የሹማምንቱን ኀፍረት እንጂ የተራቡትን ክብር እንዳልጠበቀ ያን ጊዜ ታወቀ። ገመናን መሸፈን በጎ የሚሆነው የሚሸፍነው ሰው እንጀራ ይዞ በጓሮ በኩል የመጣ እንደ ሆነ ነው። እንጀራው ከሌለ መሸፈኑ ጨዋነት ሳይሆን መግደል ነው።

ይህ ማለት ግን የተገለጠው ሁሉ ቀና ሆነ ማለት አይደለም። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዘመን መለወጫው ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በመካከሉም የቤተ መንግሥት ግብዣና የድሎት ኑሮ ሥዕሎች ገብተውበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የተራበው ሰው ሥዕል እውነት ነበር። የግብዣውም ሥዕል እውነት ነበር። አንዱን ከአንዱ ጋር የቀጠለው እጅ ግን ፍርድ ሰጠ። ፍርዱ ትክክል ነው ወይም አይደለም የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። እኛ ልናስተውለው የሚገባን ሌላ ነው። በወሎ መንገድ ዳር የተነሣው ገበሬ ለዙፋን መውረድ ምስክር ሆኖ በቆመበት በዚያ ምሽት፥ ስለ ራሱ አንድ ቃል እንዲናገር የጠየቀው አልነበረም።

ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ የኮረም ተራ ደረሰ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው የፊልም አንሺ ሞሐመድ አሚን በኮረም ያዘጋጁት ዜና በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ርዝመቱ ከጥቂት ደቂቃዎች የማያልፍ ሥዕል ዓለምን አናወጠ፤ በተከታዩ ሐምሌ በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ከዚህ የተነሣ ነበር። በእርሱ ምክንያት ብዙ ነፍስ ድኗል። ይህን መካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ ኮረም ከተማ ናት። ከሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በደጋ ላይ የተቀመጠች፥ ከደሴ ወደ መቀሌ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባት፥ በማይጨው ጦርነት ጊዜ የአገሪቱ ሠራዊት የተመላለሰባት ከተማ ናት። ሥዕሉ የተነሣው ከየገጠሩ በፈለሰው ሕዝብ መጠለያ ነበር፤ ለዓለም ግን የሥዕሉ ስም ኮረም ሆነ። የከተማይቱ ልጅ በውጭ አገር የትውልድ ቦታውን ስም ቢጠራ፥ የሚሰማው ሰው የሚያስታውሰው ያንን ንጋት ብቻ ነው። አንድን ሰው በሕይወቱ ከሁሉ በከፋችው ቀን ብቻ ማወቅ እርሱን ማወቅ ነውን? ስለ አንድ ሰው አይደለም ብለን የምንመልስ ከሆነ፥ ስለ አንዲት ከተማስ ለምን ሌላ እንላለን?

እዚህ ላይ «ጥፋቱ የካሜራው ነው» የሚል አይጠፋም። በበኩላችን ይህን አንቀበልም። ሞሐመድ አሚን በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን በፈነዳ ጊዜ ሥዕል ሲያነሣ ክንዱን አጣ። በኅዳር 1989 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በተጠለፈውና በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። እንዲህ ያለውን ሰው መጥቶ አንሥቶ ሄደ ብሎ ማቃለል ግፍ ነው። ካሜራ የሚሄደው ባለቤቱ ስለሚከዳ አይደለም፤ መሄድ ሥራው ስለሆነ ነው። ሌላ ቦታ ሌላ የሚታይ ነገር አለ። ስለዚህ የቀረውን ሥራ ከካሜራው መጠበቅ አይገባም። የቀረው ሥራ የቀረው ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ከሁለቱ ትዝታዎች የትኛውን እንመን? መልሳችን አንዱን ያለ ሌላው አንመን የሚል ነው። ነዋሪ የሌለው ሥዕል እንደ ካዛብላንካው ባዶ ቦታ ላይ ቤት ይሠራል። ሥዕል የሌለው ነዋሪ ደግሞ፥ እንደ 1965ቱ መምህራን ገና በአገሩ ሳለ ቢናገር እንኳ ላይሰማ ይችላል፤ ብቻውን በተናገረም ጊዜ ትዝታው ራሱን ወደ ማመስገን ያዘነብላል። ሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ ሲመሰክሩ ነው እውነት የሚቀርበው።

ግዴታ አለበትን ለሚለው ግን አዎን፥ አለበት እንላለን፤ ግዴታውም ቀላል አይደለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን በአንዲት ከተማ የወጋውና የተወጋው ብዙ ጊዜ በአንድ መንደር ይኖራሉ፥ በአንድ እድር ይቀበራሉ። በችግሩ ዘመን ካሜራው የተራበውን አሳይቷል። ከእንጀራው ቆርሶ ያካፈለው ማን ነበር? ደጁን የዘጋውስ? እህል ደብቆ ዋጋ እስኪወደድ የጠበቀ ነበረን? የማያውቀውን ልጅ ወስዶ እንደ ልጁ ያሳደገ ነበረን? ይህን ካሜራው ሊጠይቅ አይችልም፤ ማንን እንደሚጠይቅም አያውቅም። ሊጠይቅና ሊመልስ የሚችለው ጎረቤት ብቻ ነው። ነዋሪው ስለ ተነሣበት ሥዕል ክብሬ ተነካ ብሎ ብቻ ቢከራከር ግማሹን ብቻ ሠርቷል። ቀሪው ግማሽ፥ ካሜራው ያላየውን በጎነት እንደሚናገር ሁሉ ካሜራው ያላየውንም ጥፋት መናገር ነው። በራሱ ላይ ሊመሰክር የማይፈቅድ ሰው በሌላው ሥዕል ላይ የሚያቀርበው ክስ ሚዛን አይደፋም።

ይህ ሥራ ጊዜ አይሰጥም። በ1966 ዓ.ም. 30 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ከ80 አልፏል። በ1977 ዓ.ም. 10 ዓመት የነበረው ልጅ ከ50 አልፏል። ፊልሙ በውጭ አገር በቀዝቃዛ መጋዘን ተጠብቆ ይኖራል፤ እነርሱን የሚጠብቅ መጋዘን የለም። የትምህርት ቤት መምህር ተማሪዎቹን ከከተማቸው የተነሣ አንድ ፊልም አሳይቶ፥ «ወደ አያቶቻችሁ ሂዱና በዚህ ሥዕል ዳር የሚታየውን ጠይቁ» ቢላቸው፥ ከብዙ መጻሕፍት የማይገኝ ትምህርት ያገኛሉ። የከተማ ሹም የሚፈርስን ሠፈር ከማፍረሱ በፊት፥ በዚያ ሠፈር የተነሡትን ፊልሞች አሰባስቦ ነዋሪዎቹ የቤቱንና የሰዉን ስም እንዲያስጽፉ ቢያደርግ፥ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው። ተማሪውም በእጁ ባለው ስልክ ዕለት ዕለት የሚያነሣው ሥዕል ነገ የከተማው መዝገብ እንደሚሆን ዐውቆ፥ ሲያነሣ የሰውን ገመና፥ ሲሰድም የሰውን ስም ያስብ።

ከተማ በሥዕል ትታወቅ ይሆናል፤ የምትኖረው ግን ስለ ራሷ እውነቱን በሚነግሯት ልጆቿ ነው። እነዚህ ልጆች ዝም ካሉ፥ ያ መንገድ ዳር የቆመው ገበሬ በየዓመቱ በየአገሩ ይታያል፤ ስሙን ግን የሚጠራለት አይገኝም።